«ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን የድሮ ጣጣ ነው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በሲስተም አስተዳዳሪዎች መካከል ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን (ለዳታቤዝ በሚላክ ጥያቄ ውስጥ የራስን ትእዛዝ ሸሽጎ ማስገባት) በችኮላ የተሠሩ ድረ ገጾች ችግር እንጂ የትልልቅ የኔትወርክ ደህንነት ኩባንያዎች ችግር አይደለም። በእነሱ ምርት ውስጥ ቢገኝ እንኳ ማስተዳደሪያው ሰርቨር የውስጥ ኔትወርክ ላይ ስለሆነ አይደረስበትም። ቢደረስበትም የሚወጣው ዳታ ብቻ ነው። ሎግኢን የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አያሳስብም። ለተረፈው ዌብ አፕሊኬሽን ፋየርዎል (ወደ ድረ ገጽ የሚመጣውን ጥያቄ የሚያጣራ መሣሪያ) እና የጥቅስ ምልክት ማጣሪያ አለ፤ ፓች (የክፍተት ማስተካከያ) ሲወጣ ጭኖ መገላገል ነው፤ ትንንሽ ድርጅቶችንማ ማን ዞር ብሎ ያያቸዋል?

ጸሐፊው ሥራውን የማያውቁ ሰው አይደሉም። ስለ ድረ ገጽ ደህንነት ከጻፉት አብዛኛው ትክክል ነው። የሳቱት ለድረ ገጽ የሚሠራውን ግምት እንዳለ ወደ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር በማምጣታቸው ነው። ድረ ገጽ ሲጠቃ የሚጎዳው ያ ድረ ገጽና ዳታው ነው። ማስተዳደሪያው ሲጠቃ ግን የሚያዘው ትእዛዝ የሚወጣበት ቦታ ነው፤ ፋየርዎሎቹ ፖሊሲ የሚቀበሉት፣ ላፕቶፖቹ «ይህን ጫን፣ ያንን አጥፋ» የሚባሉት ከዚያ ነው። ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠውም የአድሚን የይለፍ ቃል ሃሽ (ወደ ሌላ ድርድር የተቀየረ ቅጂ)፣ የኤፒአይ ቁልፍ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚገቡበት)፣ ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ (የድርጅቱ የተጠቃሚዎች ማኅደር) ጋር የሚያገናኘው አካውንትና የመሣሪያዎቹ ሙሉ ዝርዝር ነው። ነጥቦቹን በየተራ እንያቸው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«በትልልቅ የደህንነት ኩባንያዎች ምርት ውስጥ አይገኝም»

ይገኛል። ከ2020 ወዲህ ያለውን ብቻ እንቁጠር። ኤፕሪል 2020 የሶፎስ ኤክስጂ ፋየርዎል (ሲቪኢ-2020-12271፤ ሲቪኢ ለየክፍተቱ የሚሰጥ መለያ ቁጥር ነው)፣ በ2021 መጀመሪያ የሶኒክዎል ኤስኤምኤ 100 (ሲቪኢ-2021-20016)፣ ጁላይ 2022 እና ጁላይ 2023 የሶኒክዎል ማዕከላዊ ማስተዳደሪያ ጂኤምኤስ (ሲቪኢ-2022-22280 እና ሲቪኢ-2023-34133)፣ ማርች 2024 የፎርቲኔት ፎርቲክላየንት ኢኤምኤስ (ሲቪኢ-2023-48788)፣ ሜይ 2024 ኢቫንቲ ኢፒኤም (ሲቪኢ-2024-29824)፣ ኦክቶበር 2024 የፓሎ አልቶ ኤክስፔዲሽን (ሲቪኢ-2024-9465)፣ ጁላይ 2025 የፎርቲኔት ፎርቲዌብ (ሲቪኢ-2025-25257)። ሁሉም ያለ ሎግኢን የሚሠሩ ናቸው። ከሁለቱ የጂኤምኤስ ክፍተቶች በቀር ሌሎቹ በሙሉ የአሜሪካው የሳይበር ደህንነት ተቋም ሲሳ «በተግባር ጥቃት የተፈጸመባቸው» ብሎ በሚይዘው መዝገብ ላይ ሰፍረዋል።

የሚገርመው፣ ሲሳና ኤፍቢአይ የሶፍትዌር አምራቾች ኤስኪውኤል ኢንጀክሽንን ከምርታቸው ጨርሰው እንዲያጠፉ የጋራ ማሳሰቢያ ያወጡት ማርች 25 ቀን 2024 ነው። የኢኤምኤስ ክፍተት እዚያው መዝገብ ላይ የገባውም በዚያው ዕለት ነው።

ዕድሜውን በተመለከተ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ዘዴው በይፋ የተጻፈው በ1998 ማብቂያ ነው። ታዲያ ለምን እስካሁን አለ? ዘመናዊ ድረ ገጽ በአብዛኛው የሚሠራው ኩዌሪውን (ለዳታቤዙ የሚላከውን ጥያቄ) ራሱ በሚያዘጋጅ ፍሬምወርክ (ዝግጁ የኮድ መሠረት) ላይ ነው። የኔትወርክ ደህንነት ምርት ግን ከድረ ገጽ በላይ ነው፤ ከበስተጀርባው በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፉ፣ በራሳቸው ፕሮቶኮል የሚነጋገሩ ፕሮግራሞች አሉ። እነዚህ ፕሮግራሞች የሚጻፉት «እኛን የሚያናግረን የራሳችን ኤጀንት ብቻ ነው» በሚል ግምት ነው፤ ኤጀንት በየኮምፒውተሩ የሚጫነው የምርቱ ክፍል ነው። ኤጀንቱን መስሎ የሚቀርብ ሰው ሲመጣ ግምቱ ይፈርሳል።

የድርጅት ላፕቶፖችን በሚያስተዳድረው ኢኤምኤስ ላይ የሆነው በትክክል ይኸው ነው። የሠራተኛው ላፕቶፕ ላይ ያለው ፎርቲክላየንት በፖርት (የግንኙነት በር) 8013 ከሰርቨሩ ጋር ይገናኛል። መልእክቱን የሚቀበለው ኤፍሲኤምዴሞን የሚባል ፕሮግራም ነው፤ እሱ ለኤፍሲቲዳስ ያስተላልፋል፤ ኤፍሲቲዳስ ደግሞ ከማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ጋር ይነጋገራል። በመልእክቱ ውስጥ ኤፍሲቲዩአይዲ የተባለ የመሣሪያው መለያ አለ። መለያው የፊደልና የቁጥር ድርድር ብቻ መሆን ሲገባው፣ ሳይጣራ በቀጥታ ኩዌሪው ውስጥ ይገባ ነበር። ማንም ሰው ፖርቱን ካገኘና መልእክቱን በትክክለኛው ቅርጽ ከላከ፣ መለያው ውስጥ የጻፈው ኤስኪውኤል ዳታቤዙ ላይ ይሠራል። የይለፍ ቃል የሚጠየቅበት ደረጃ ላይ እንኳ አይደረስም። የተጎዱት ከ7.0.1 እስከ 7.0.10 እና ከ7.2.0 እስከ 7.2.2 ያሉት ቨርዥኖች ሲሆኑ፣ የተስተካከለው በ7.0.11 እና በ7.2.3 ነው።

«የውስጥ ኔትወርክ ላይ ስለሆነ አይደረስበትም»

ማስተዳደሪያ ኮንሶል ለኢንተርኔት መከፈት የለበትም በሚለው ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እንስማማለን። የማንስማማው «ተዘግቷል» ብለው በመነሣታቸው ነው። የኢኤምኤስን ፖርት 8013 ብዙ ድርጅቶች ለኢንተርኔት የከፈቱት በስንፍና አይደለም፤ ከቤትና ከመስክ የሚሠራ ሠራተኛ ላፕቶፕ ፖሊሲ እንዲደርሰው ነው። ሶፎስ ላይም የተጠቁት የአድሚን ገጻቸው ወይም የተጠቃሚ ፖርታላቸው በዋን (በኢንተርኔቱ) በኩል የተከፈተባቸው መሣሪያዎች ነበሩ። የተጠቃሚ ፖርታሉ ደግሞ ሠራተኛው የቪፒኤን ማዋቀሪያውን የሚያወርድበት ቦታ ስለሆነ መከፈቱ የተለመደ ነው።

ለኢንተርኔት ባይከፈትስ? የኢቫንቲ ኢፒኤም ክፍተት ከመጀመሪያውም የተገለጸው «በዚያው ኔትወርክ ውስጥ ያለ፣ ሎግኢን የሌለው አጥቂ» ተብሎ ነው። እንዲያም ሆኖ ኦክቶበር 2024 ላይ ጥቃት ተፈጽሞበት መዝገብ ውስጥ ገባ። በአስመሳይ ኢሜይል የተያዘ አንድ የሒሳብ ክፍል ኮምፒውተር ካለ፣ «የውስጥ ኔትወርክ» የሚለው መከላከያ አብሮ አልቋል።

መዘጋቱን በግምት ሳይሆን በፍተሻ እወቁ። ከቢሮው ዋይፋይ ውጡና በስልክ ዳታ ተገናኝታችሁ የራሳችሁን የሕዝብ አይፒ በኤንማፕ (የተከፈቱ ፖርቶችን በሚፈልግ ፕሮግራም) ፈትሹ። ለኢኤምኤስ 8013፣ 443 እና 10443ን፣ ለሶፎስ አድሚን ገጽ 4444ን፣ ለፎርቲዌብ አድሚን ገጹ የተቀመጠበትን ፖርት እዩ። ከቢሮ ውስጥ ሆኖ የራስን የሕዝብ አይፒ መፈተሽ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል፤ ፋየርዎሉ ትራፊኩን ከውስጥ አዙሮ ስለሚመልሰው ውጭ ያለ ሰው የሚያየውን አታዩም። ቀጥሎ ከተራ ሠራተኛ ቪላን (የተለየ የኔትወርክ ክፍል) ላይ ሆናችሁ ያንኑ ድገሙ። ከዚያ የኮንሶሉ የአድሚን ገጽ ከተከፈተላችሁ፣ ኮንሶሉ የራሱ ቪላን ያስፈልገዋል፤ ወደዚያ የሚገባውም በአንድ የመግቢያ ሰርቨር በኩል ብቻ ይሁን። ለ8013 ሁነኛው መንገድ ላፕቶፑን ቢሮ ውስጥ አስመዝግቦ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ግንኙነት በቪፒኤን ውስጥ ማሳለፍ ነው። ጉዳቱ ቪፒኤን ያልከፈተ ሠራተኛ አዲስ ፖሊሲ ዘግይቶ የሚደርሰው መሆኑ ነው፤ ይህን መቀበል ይሻላል።

«የሚወጣው ዳታ ብቻ ነው»

ከጽሑፉ ነጥቦች ሁሉ አደገኛው ይህ ነው፤ ሰዎች ፓችን ወደ ሚቀጥለው ወር የሚያሳድሩት ይህን አምነው ነውና።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ውስጥ ኤክስፒ_ሲኤምዲሼል የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ከዳታቤዙ ሆኖ የዊንዶውስ ትእዛዝ ያስኬዳል። ከ2005ቱ ቨርዥን ጀምሮ በነባሪ ዝግ ነው፤ ጸሐፊው ያሰቡት ይህን ሳይሆን አይቀርም። ችግሩ ሲስአድሚን የሚባለው፣ በዳታቤዙ ላይ ሙሉ መብት የሚሰጥ ሚና ያለው አካውንት በኤስፒ_ኮንፊገር ሁለት ቅንብር ቀይሮ፣ ከእያንዳንዱ በኋላ «ሪኮንፊገር» ብሎ መልሶ ሊከፍተው መቻሉ ነው። ኢኤምኤስ ከዳታቤዙ ጋር የሚነጋገርበት መብት ይህን የሚፈቅድ ሆኖ ተገኘ። የሆራይዘንስሪ ተመራማሪዎች ማርች 21 ቀን 2024 ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ ትእዛዙ ዝግ ነበር፤ በዚያው ኢንጀክሽን ከፈቱት፤ ውጤቱም በዊንዶውሱ ላይ ሲስተም የሚባለው ከፍተኛ መብት ሆነ።

ፎርቲዌብ ላይ መንገዱ ሌላ ነው። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ስለሆነ ኤክስፒ_ሲኤምዲሼል የለም፤ የኩዌሪን ውጤት ፋይል አድርጎ የሚጽፈው «ኢንቱ አውትፋይል» ግን አለ። በዚህ የሚጻፍ ፋይል የማስኬድ ፈቃድ ስለማይኖረው ተራ ስክሪፕት አስቀምጦ በብራውዘር መጥራት አይሠራም። የዋችታወር ተመራማሪዎች በሌላ በኩል ዞሩ። ፓይተን ሲነሣ በሳይት-ፓኬጅስ ማኅደር ውስጥ «.ፒቲኤች» የሚል ቅጥያ ያላቸውን ፋይሎች ያነባል፤ «ኢምፖርት» ብሎ የሚጀምር መስመር ካገኘ ያስኬደዋል። ፋይሉ መነበቡ ብቻ ይበቃል። መሣሪያው ላይ አስቀድሞ ያለ፣ በድር የሚጠራ የፓይተን ስክሪፕት ነበር፤ እሱን ሲጠሩት ፓይተን ተነሣ፣ የጻፉት መስመርም አብሮ ሄደ።

ሶፎስ ላይ ደግሞ አጥቂዎቹ አንድ መስመር ትእዛዝ ዳታቤዙ ሠንጠረዥ ውስጥ አስገቡ። መሣሪያው ያንን መስመር ሲያስኬድ የሶፎስ ማዘመኛ ከሚመስል ስም ካለው የአጥቂዎቹ ሰርቨር ስክሪፕት አወረደ። ነገሩ የታወቀውም የማስተዳደሪያ ገጹ ላይ አንድ መስክ ውስጥ ሊኖር የማይገባ ጽሑፍ በመታየቱ ነው።

ሦስት ምርት፣ ሦስት መንገድ፣ መድረሻው አንድ። ስለዚህ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ላይ ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ዳታ አለበት?» ሳይሆን «ዳታቤዙ የሚሠራው በማን መብት ነው?» የሚለው ነው። በዊንዶውስ ላይ ለተጫነ ምርት ይህን በ10 ደቂቃ ማወቅ ይቻላል። ሰርቪሶች ዝርዝር ውስጥ ኤስኪውኤል ሰርቨሩን ፈልጉና (በኢኤምኤስ ላይ ስሙ ኤፍሲኢኤምኤስ ነው) በየትኛው አካውንት እንደሚነሣ እዩ። ከዚያ ማኔጅመንት ስቱዲዮ ከፍታችሁ፣ ሴኩሪቲ ሥር፣ ሰርቨር ሮልስ ውስጥ፣ ሲስአድሚን በሚለው ላይ ማን ማን እንዳለ ተመልከቱ። የምርቱን አካውንት እዚያ ካገኛችሁት በችኮላ አታውጡት፤ የሚቀጥለው ማሻሻያ መሐል ላይ ይቆምና የባሰ ጣጣ ይመጣል። የኩባንያውን ድጋፍ ጠይቁ፤ እስከዚያው ክትትል አድርጉ።

ክትትሉ ምን ላይ ነው? ኤክስፒ_ሲኤምዲሼል ሲከፈት በዊንዶውስ አፕሊኬሽን ሎግ ላይ ቁጥር 15457 ይመዘገባል፤ መልእክቱ ቅንብሩ ከ0 ወደ 1 መቀየሩን ይናገራል። እናንተ ሳትነኩት ይህ ከታየ ማስጠንቀቂያ ብቻ አይደለም፣ ገብተዋል ማለት ነው። ሁለተኛው ምልክት የኤስኪውኤል ሰርቨሩ ፕሮሰስ ልጅ ሆኖ የተነሣ ሲኤምዲ ወይም ፓወርሼል ነው፤ በሲስሞን (የማይክሮሶፍት መከታተያ መሣሪያ) ቁጥር 1 ወይም በሴኩሪቲ ሎግ 4688 ይታያል። 4688 በነባሪ ስለማይመዘገብ አስቀድሞ መክፈት ያስፈልጋል። ሦስተኛው በኢኤምኤስ የራሱ ሎግ ማኅደር ውስጥ ከማታውቁት መሣሪያ በ8013 የመጣ ግንኙነት ነው።

«ዳታ ብቻ» የሚለውን ለክርክር ያህል ብንቀበለው እንኳ፣ ኤክስፔዲሽንን እንይ። ይህ የሌላ ኩባንያ ፋየርዎል ማዋቀሪያን ወደ ፓሎ አልቶ የሚያዛውር መሣሪያ ነው። ከዳታቤዙ ሊነበብ የሚችለው የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃል ሃሽ፣ የፋየርዎሎች ማዋቀሪያና የኤፒአይ ቁልፍ ነበር። የኤፒአይ ቁልፍ በእጁ ያለ ሰው ፋየርዎሉን መስበር አይጠበቅበትም፤ እንደ አድሚን ይገባል።

«ሎግኢን የሚጠይቅ ከሆነ አያሳስብም»

ሜይ 2024 የወጣውን የሲስኮ ፋየርዎል ማኔጅመንት ሴንተር ክፍተት (ሲቪኢ-2024-20360፣ የአደጋ ነጥቡ ከ10 8.8) ብቻ ማየት ይበቃል። ሎግኢን ይጠይቃል፤ ግን የሚበቃው «ሪድ ኦንሊ» ነው። ከዚያ ተነሥቶ ዳታቤዙን ማንበብ፣ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ላይ ትእዛዝ ማስኬድና ሩት (ሙሉ መብት ያለው ተጠቃሚ) መሆን ይቻል ነበር። ሪድ ኦንሊ አካውንት የሚሰጠው ደግሞ «ምንም መቀየር አይችልም» ተብሎ ለኦዲተር፣ ለሌሊት ተረኛ፣ ባለፈው ዓመት መጥቶ ለሄደ አማካሪ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ማረጋገጫም አይደረግበትም። ዝርዝሩን ዛሬ አውጡና የማይሠራባቸውን ዝጉ።

«ዌብ አፕሊኬሽን ፋየርዎል ከፊቱ ካለ፣ የጥቅስ ምልክትም ከተጣራ ይበቃል»

ፎርቲዌብ ራሱ ዌብ አፕሊኬሽን ፋየርዎል ነው። ሌሎችን ከኤስኪውኤል ኢንጀክሽን ለመጠበቅ የሚገዛው ምርት፣ የራሱ ማስተዳደሪያ ክፍል ላይ ያው ክፍተት ተገኘበት። ይህን ለቀልድ አናነሣውም፤ ዝርዝሩ ስለሚያስተምር ነው።

ክፍተቱ ያለው ፋብሪክ ኮኔክተር በሚባለው፣ ፎርቲዌብን ከሌሎች የፎርቲኔት ምርቶች ጋር በሚያገናኘው ክፍል ላይ ነው። ጥያቄ ሲመጣ ፕሮግራሙ «ኦቶራይዜሽን» ከሚለው ሄደር ላይ፣ «ቤረር» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለውን ቶክን (ማንነት የሚያሳይ ኮድ) ያነሣል። ከዚያ «ቶክኑ እንዲህ የሆነውን ተጠቃሚ መለያ ስጠኝ» የሚል ኩዌሪ በኤስኤንፕሪንትኤፍ ይገጣጥማል፤ ቶክኑ በሁለት ነጠላ ጥቅሶች መካከል እንዳለ ይገባል። ማንነትን ለማረጋገጥ የተጻፈው መስመር ራሱ ነው ማለት ነው በሩ። ቶክኑን የሚያነበው ትእዛዝ ደግሞ ባዶ ቦታ ሲያጋጥመው ይቆማል፤ ከ128 ፊደል በላይም አይወስድም። ላዩን ሲታይ ይህ ማጣሪያ ይመስላል፤ ባዶ ቦታ የሌለበት፣ በርዝመት የተገደበ ኤስኪውኤል ምን ሊያደርግ ይችላል? በኤስኪውኤል ግን ሁለት ቃል የሚለያየው በባዶ ቦታ ብቻ አይደለም። በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክት የታጠረ ባዶ የማስታወሻ መስመር መሐል ላይ ቢገባ ዳታቤዙ እንደ ክፍተት ይቆጥረዋል። ገደቡ የቆመው ለትንሽ ጊዜ ያህል ብቻ ነው።

ስለ ጥቅስ ማጣሪያ፦ ኤክስፔዲሽን ላይ የተጠቃው «ሲግኔቸርአይዲ» የሚባል፣ ቁጥር የሚጠበቅበት ቦታ ነው። ቁጥር ኩዌሪ ውስጥ የሚገባው ያለ ጥቅስ ነው፤ አጥቂው ከጥቅስ ለመውጣት አይጨነቅም፣ ጥቅስ ቢጣራም ባይጣራም ለእሱ ለውጥ የለውም።

ፎርቲኔት በ7.6.4 ላይ ያስተካከለውም ማጣሪያ በመጨመር አይደለም፤ የተገጣጠመውን ኩዌሪ በፕሪፔርድ ስቴትመንት በመተካት ነው። ሐረጉ አስቀድሞ ለዳታቤዙ ይሰጣል፣ ቶክኑ በኋላ እንደ ዋጋ ብቻ ይላካል፤ ውስጡ ምን ቢጻፍ ትእዛዝ ሊሆን አይችልም። ሶፍትዌር ለምትጽፉ አንድ ነገር እንጨምር፦ የሠንጠረዥ ስም፣ የዓምድ ስምና «ኦርደር ባይ» ቀጥሎ የሚመጣው በፕሪፔርድ ስቴትመንት አይሸፈኑም። ለእነዚህ የሚፈቀዱትን ስሞች በኮዱ ውስጥ ዘርዝሮ ከዚያ ውጭ ያለውን መጣል ነው። ማይኤስኪውኤል የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የአፕሊኬሽኑ አካውንት «ፋይል» የሚባለው መብት አይኑረው፤ «ሴኪውር_ፋይል_ፕሪቭ» የሚለውን ቅንብር «ነል» ብታደርጉት «ኢንቱ አውትፋይል» ጨርሶ ይዘጋል።

ዌብ አፕሊኬሽን ፋየርዎል ዋጋ የለውም አላልንም። ሶኒክዎል ራሱ በ2022ቱ የጂኤምኤስ ማሳሰቢያው ላይ የጥቃቱን ዕድል እንደሚቀንስ ጽፏል፤ ከማሻሻያው ጋር እንጂ በማሻሻያው ፋንታ አይደለም። የኢኤምኤስ 8013 ግን የራሱ ፕሮቶኮል በቲኤልኤስ ተጠቅልሎ የሚያልፍበት ነው፤ ተራ የድር ጥያቄ ለማንበብ የተዘጋጀ ማጣሪያ እዚያ ላይ የሚያየው ብዙ የለም።

«ፓች መጫን ነው፣ አለቀ»

መጫኑ ግድ ነው፤ የሚጫንበትን ፍጥነት ግን ጽሑፉ አላነሣም። የኢኤምኤስ ማሳሰቢያ የወጣው ማርች 12፣ የጥቃት ኮዱ ማርች 21፣ በተግባር ጥቃት መፈጸሙ መዝገብ ላይ የገባው ማርች 25 ነው። ፎርቲዌብ ላይ ማሳሰቢያው ጁላይ 8፣ ዝርዝሩ ጁላይ 11፣ መዝገብ ላይ የገባው ጁላይ 18 ነው። «በየወሩ መጨረሻ እናዘምናለን» የሚል መርሐ ግብር ከዚህ ጋር አይሄድም። ሶፎስና ኤስኤምኤ 100 ላይ ደግሞ ጥቃቱ ከፓቹ ቀድሞ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን ፓች ብቻውን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

በኢኤምኤስ በኩል የገቡት ሰርቨሩ ላይ ስክሪንኮኔክትንና ኤኒዴስክን የመሳሰሉ ሕጋዊ የርቀት መቆጣጠሪያዎች ሲጭኑ ታይተዋል። ኢኤምኤስን ወደ 7.2.3 ማሳደግ እነዚህን አይነካቸውም። ፎርቲዌብ ላይም አስቀድሞ የተቀመጠ ዌብሼል (አጥቂው በድር በኩል ትእዛዝ የሚሰጥበት ፋይል) ካለ አዲሱ ቨርዥን ክፍተቱን እንጂ የገባውን ሰው አይዘጋም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። መጀመሪያ ፖርቱን ዝጉ፤ ለፎርቲዌብ ኩባንያው የሰጠው ጊዜያዊ መፍትሔ የኤችቲቲፒና የኤችቲቲፒኤስ አድሚን ገጹን ማጥፋት ነው። የሳፖርት ውላችሁ አልቆ አዲሱን ቨርዥን ማውረድ ካልቻላችሁም ይህንን ማድረግ ትችላላችሁ። ቀጥሎ ማሻሻያውን ከመጫናችሁ በፊት ሎጎቹን ሌላ ቦታ ቅዱ፣ ቨርቿል ማሽን ከሆነ ስናፕሾት ውሰዱ፤ ማሻሻያ አንዳንዴ የቆየውን ሎግ ጠርጎ ይሄዳልና ኋላ ማስረጃ ታጣላችሁ። ከዚያ ጫኑ። ለፎርቲዌብ የተስተካከሉት 7.6.4፣ 7.4.8፣ 7.2.11 እና 7.0.11 ናቸው። ከዚያ ፈልጉ፦ ከላይ የጠቀስናቸውን የሎግ ምልክቶች፣ ያልጫናችሁትን የርቀት መቆጣጠሪያ፣ የማታውቁትን አድሚን አካውንት፣ የታቀዱ ተግባራትን። ለኤክስፔዲሽን ፓሎ አልቶ የሰጠው ፍተሻ ቀላል ነው፤ ፓንዲቢ በሚባለው ዳታቤዝ ውስጥ «ክሮንጆብስ» የተሰኘው ሠንጠረዥ ላይ መዝገብ ከተገኘ የመጠቃት ምልክት ሊሆን ይችላል። ባዶ መሆኑ ግን አለመጠቃትን አያረጋግጥም፤ ይህንንም ኩባንያው ራሱ ብሎታል።

ቀጥሎ ቁልፍ መቀየር ነው፤ እዚህ ላይ ብዙዎች በግማሽ ያቆማሉ። የኮንሶሉን አድሚን ብቻ መቀየር አይበቃም። ፓሎ አልቶ ከኤክስፔዲሽን ሌላ፣ በእሱ ውስጥ ያለፉትን ፋየርዎሎች ሁሉ የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃልና የኤፒአይ ቁልፍ እንዲቀየር አሳስቧል። ሶፎስም የተጠቁት የአድሚን አካውንቱን ቀይረው፣ መሣሪያውን አጥፍተው አስነሥተው፣ የሁሉንም የውስጥ ተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል እንዲቀይሩ ነግሯል። ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ ጋር የሚያገናኘውን አካውንትና የቪፒኤን የጋራ ምሥጢሮችን አትርሱ። ሰርቨሩ ንጹሕ መሆኑ ሳይረጋገጥ አዲሱን የይለፍ ቃል እዚያው ላይ መጻፍ ግን አጥቂው እንዲያነበው መስጠት ነው። ጥርጣሬ ካለ መጀመሪያ ሰርቨሩን አዲስ ሥሩ፣ ከዚያ ቀይሩ። ባክአፕ ስትመልሱም ቀኑን ተጠንቀቁ፤ የአጥቂው ትእዛዝ ሠንጠረዥ ውስጥ ተጽፎ ከነበረ ባክአፑ ያንኑ ሠንጠረዥ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ላላችሁ፣ የመጠቃት ምልክት ካገኛችሁ በኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ሥር ያለው ኢትዮ-ሰርት እንዲህ ያለውን ሪፖርት ይቀበላል።

«ትንንሽ ድርጅቶችን ማን ያያቸዋል?»

እንዲህ ያለው ጥቃት ድርጅት አይመርጥም፤ ፖርት ነው የሚፈልገው። የአሜሪካ መንግሥት በዲሴምበር 2024 ሲቹዋን ሳይለንስ በተባለው የቻይና ኩባንያና በሠራተኛው በጉዋን ቲያንፌንግ ላይ ማዕቀብ ሲጥል፣ ጉዋንንም በሶፎሱ ጥቃት ሲከስ ይፋ ያደረገው ቁጥር በመላው ዓለም ወደ 81,000 ፋየርዎሎች ነበር። ከ81,000 ውስጥ ስንቱ የትልቅ ድርጅት ሊሆን ይችላል?

ትንሽ ድርጅት የሚለየው በሌላ ነው፤ ለአንድ ጊዜ ሥራ የተጫነው ነገር ሳይጠፋ መቅረቱ። ኤክስፔዲሽን ለዚህ ሁነኛ ምሳሌ ነው። ፋየርዎል ሲቀየር አንድ ሳምንት ያገለግላል፣ ከዚያ ቨርቿል ማሽኑ እንደበራ ይቀራል፤ ኩባንያው ደግሞ ከ2024 ማብቂያ በኋላ ድጋፍ አቁሞለታል። እናንተ ጋ ካለ 1.2.96 መሆን አለመሆኑን ከማጣራት ይልቅ አጥፉት፤ በውስጡ ያለፉትን ቁልፎች ከቀየራችሁ በኋላ ስናፕሾቱንም ሰርዙ።